ከከበሮው በፊት ክሱ ይነበብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከጆሐንስበርግ በስተምሥራቅ ባለችው ዳቬይተን፣ አራት ሰዎች ወደ ሱቃችን መጥተው ቅዳሜ ከሰፈሩ እንደምንወጣ ነገሩን።

ሦስቱ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ነበር። አራተኛው፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ጎልማሳ፣ ማስኩን በሥርዓት አድርጎ ስለነበር ድምፁ እንዳያመልጠኝ ወደ ብረት ፍርግርጉ ተጠጋሁ። በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ሳይቆጣ፣ እንዲህ አለ፦ "ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ አለ። ከስብሰባው በኋላ ድራምድ አውት ትደረጋላችሁ፣ ማይ ፍሬንድ።" ከዚያ አንድ ቡኒ ዳቦ ገዝቶ ሄደ።

ቅዳሜ የሆነውን ከመናገሬ በፊት ከዚያ ፍርግርግ ጀርባ እንዴት እንደገባሁ ላስረዳ። አገር ቤት ያላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ እዚህ ያላችሁም መንገዱን ብታውቁትም የሌላውን ሰው መንገድ መስማት ትወዳላችሁ።

ስደት ሲባል ጨለማና ሹክሹክታ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እኔ ከሆሳዕና የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። የገበያ ቀን ነበር። አውቶቡሱ ላይ ተቀምጬ እናቴ በመስኮት የተቀቀለ ድንች ታቀብለኛለች፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ ዶሮዋ እግሬን እየነካካች ነው። ሰው ሲለያይ ማልቀስ ያለበት ሰዓት ላይ እኔና እናቴ የተጨቃጨቅነው ድንቹ ጨው አንሶታል አላነሰውም በሚል ነው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ "ስትደርስ ደውል" አለችኝ፤ ሀዋሳ የምሄድ ይመስል።

በሬዲዮ ለዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። ከሠራኋቸው ፕሮግራሞች አንዱ ወጣቶች በደላላ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንዳይሄዱ የሚመክር ነበር። ሞያሌ ላይ የተቀበለን ደላላ ገና ስሜን ስነግረው አንገቱን ቀና አደረገ።

"ድምፅህን አውቀዋለሁ" አለ። "አንተ 'አትሂዱ' የምትለው አይደለህም?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

"ፕሮግራሙ ተቋረጠ።"

ሳቀ፣ ግን ዋጋውን አልቀነሰም።

ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ያለውን መንገድ በዝርዝር አልጽፍም፤ አብዛኛውን የተጓዝኩት ሸራ በተጎናጸፈ መኪና ውስጥ ስለሆነ ያላየሁትን አየሁ ማለት ይሆንብኛል። ያየሁት ይህን ያህል ነው፦ ማላዊ ውስጥ ሐይቅ፣ ከሩቅ። ሞዛምቢክ ውስጥ ደግሞ አብሮን የነበረ አንድ የሻሸመኔ ሰው ታሞ መንገድ ዳር ካለ ቤት ቀረ። ስሙን ለቤተሰቡ እንዳደርስለት ነግሮኛል፤ አድርሻለሁ። ከዚያ በኋላ የደረሰበትን ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ጥገኝነት የሚጠየቅበት ቢሮ መስኮት ላይ የነበረችው ሠራተኛ ሥራዬን ጠየቀችኝ።

"ጋዜጠኛ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አሁን ምን ትሠራለህ?"

"ዳቦ እሸጣለሁ።"

"ጋዜጠኛ ሆነህ ዳቦ የምትሸጠው ለምንድን ነው?"

"ዳቦው ስለሚሸጥ።"

አልሳቀችም። ማኅተሙን ግን መታች። እዚህ 'ፔፐር' የምንለው ያ የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ ጠዋት ስንነሳ ከስልካችን ቀድመን የምንነካው።

ዳቬይተን የወሰዱኝ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ዴታሞ ናቸው። የዱራሜ ሰው ናቸው፤ እኔ የሆሳዕና ስለሆንኩ የምንግባባው በአማርኛ ነው። ሁለታችንም ሁለተኛ ቋንቋችን ስለሆነ ስንጨቃጨቅ እንኳ ቃል መርጠን ነው። ሱቁ የአንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ጋራዥ ነው፤ ሰፈሩ 'ማ ኖምሳ' ይላቸዋል። ሱቅ ማለት እዚህ ስፓዛ ነው፦ ዳቦ፣ ወተት፣ የበቆሎ ዱቄት፣ የስልክ ካርድ፣ ላምባ፣ ሁሉም በፍርግርግ ቀዳዳ የሚወጣ። ዱቄቱን ፓፕ ያደርጉታል። ፓፕን ስታዩት ገንፎ ይመስላችኋል፤ ስትቀምሱት ቅቤው የት ሄደ ትላላችሁ። መጀመሪያ የበላሁ ቀን ቤታችን ከቡላ ተሠርቶ በቅቤ የሚጠጣው አታካና ትዝ ብሎኝ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ጋሽ ዴታሞ አይተውኝ "ብላ" አሉ፤ "እሱም ቅቤ እንደሌለው ያውቃል፤ አታሳፍረው።"

ስሜ ተመስገን ነው። እዚህ የሚያውቀው ሰው ትንሽ ነው። ኢትዮጵያዊ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው። ማይ ፍሬንድ ዳቦ ስጠኝ፤ ማይ ፍሬንድ ነገ እከፍላለሁ፤ ማይ ፍሬንድ ከሰፈሩ ውጣ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር እንዲሉ፣ ሆሳዕና ሆኜ ከዚህ በሚላክ ብር የተሠሩ ቤቶችን ሳይ ከበሮው ያምር ነበር።

በመጋቢት 2012 ኮሮና መጣ። አገሩ ሲዘጋ እኛም ዘጋን። ፖሊስ ፈቃድ አምጡ አለ፤ ማዘጋጃ ቤት ሄድን፤ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ዝግ ነበር። በኋላ ፈቃዱን አግኝተን ከፈትን። የፔፐር ቢሮዎች ግን እንደተዘጉ ቆዩ፤ የሚያልቅባቸው ሰዎች ወረቀት በማስታወቂያ ይራዘማል ተባለ፤ ፖሊሱ ማስታወቂያውን ሰምቶ እንደሆነ የምታውቀው ሲያስቆምህ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ ዝማሬው በስልክ ሆነ። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ይሞታል፤ ቀብር ላይ ብዙ ሰው እንዳይቆም ተከልክሏል። ሥራ የፈታው በዛ። ሥራ የፈታ ሰው ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ክፍት የሆነውን የእኛን ፍርግርግ ነው። ይህን እንደ ሰበብ አልጽፈውም፤ የሆነው እንዲህ ነው ለማለት ነው።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ሰዎቹ እንደሄዱ ጋሽ ዴታሞ ከጆሐንስበርግ በስተደቡብ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ላለ ዘመዳቸው ደወሉ፤ ለዕቃው ቦታ ይኖረው እንደሆነ ጠየቁ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ማ ኖምሳ ልብስ እያሰጡ ነበር። በጥቅምት አንድ አጥንት እየተባለ አገር ቤት ሰው ከብርድ የሚሸሸግበት ወር እዚህ ሙቀቱ የሚጀምርበት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይጠቁርና ነጎድጓድ ይመጣል።

"ማ፣ ድራምድ አውት ማለት ምንድን ነው?"

"ማን አለህ?"

ነገርኳቸው። መቆንጠጫውን ከአፋቸው አወጡ።

"መባረር ነው።"

"እሱን ገምቻለሁ። ከበሮው ምን አገባው?"

ማ ኖምሳ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ብቻ አይደሉም፤ የትምህርት ቤቱን የከበሮ ቡድን፣ እነዚያ አጭር ቀሚስና ቦት ለብሰው ሰልፍ የሚወጡ ሴት ተማሪዎችን ያሠለጠኑ ናቸው። ስለ ከበሮ የጠየቃቸው ሰው ልብሱ እስኪሰጣ አይለቀቅም።

"የድሮ የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ነው" አሉ። "ወታደር ሰረቀ ወይም ከዳ እንበል። ጦሩን በሙሉ ያሰልፉታል። ክሱ ይነበባል። ቁልፉንና ምልክቱን ከልብሱ ይቆርጣሉ። ከዚያ ከበሮ እየተመታ በሰልፉ ፊት ከዳር እስከ ዳር ያስኬዱታል፤ ሁሉም እንዲያየው። በሩ ጋ ሲደርስ ከከበሮ መቺዎቹ ትንሹ በእርግጫ ያስወጣዋል ይባላል።"

"ትንሹ ለምን?"

"ትልቁ ቢሆን ክብር ይመስላላ።"

ያው ከበሮ ሰው ለማስገባትም ይመታ እንደነበር ነገሩኝ፤ ወታደር የሚመለምሉት በየመንደሩ እያስመቱ ነው፣ እሱን 'ድራም አፕ' ይሉታል፣ ዛሬ ገበያ የቀዘቀዘበት ነጋዴ የሚለው እሱን ነው። እኔም ነጋሪትን ነገርኳቸው። እኛ ዘንድ ነጋሪት ከተጎሰመ አዋጅ ነው፤ ሰው ይሰበሰባል እንጂ አይበተንም። ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ እንኳ እስከ ዛሬ ስሙ ነጋሪት ነው።

"እና ሕጋችሁ ከበሮ ነው?"

"አዎ፣ ማ። ይጎሰማል፤ የሚሰማው ሁሉም አይደለም።"

"እዚህም ሕጉ በጋዜጣ ነው የሚወጣው" አሉ፤ "እኛ ከበሮውን ለልጆች ሰጥተነዋል።" ከዚያ ባዶውን ቅርጫት አነሱ። "አንድ ነገር ልብ በል፣ ተሚ። ሰውን በከበሮ የሚያስወጡት የራሳቸው ከሆነ ነው። ጦሩ ውስጥ ያልነበረን ሰው በር ላይ ጠባቂው 'ሂድ' ይለዋል፤ በቃ። ለእሱ ብሎ ጦር የሚያሰልፍ የለም።"

በስልኬ ሁለት መዝገበ ቃላት አየሁ። ሁለቱም አነጋገሩን ከወታደር ከበሮ ጋር ያያይዙታል፤ ኋላ ላይ ከማኅበርም ከሥራም ለሚባረር ሰው እንደዋለ ይናገራሉ። የእርግጫውን ነገር አላገኘሁትም፤ ምንጬ ማ ኖምሳ ብቻ ናቸው። መቼ እንደተጀመረ ሁለቱ ስላልተስማሙ ዓመቱን አልጽፍም።

ከጓሮው ከመውጣቴ በፊት ስለ ቤቱ ጠየቅኳቸው። "ቅዳሜ ብንወጣ ኪራዩ እንዴት ይሆናል?"

"የወሩን ሙሉ ትከፍላላችሁ።"

"ብንባረርም?"

"እኔ አላባረርኳችሁም። ያባረራችሁን ጠይቁ።"

በነጋታው የኦሬንጅ ፋርሙ ዘመድ መልሶ ደወለ። ቦታ አለኝ፣ መኪና ልላክ ወይ አለ። ጋሽ ዴታሞ አዩኝ። "እስከ ቅዳሜ ይቆይ" አልኩ። ከዚህ ብንወጣ ኦሬንጅ ፋርም እንሄዳለን፤ ከኦሬንጅ ፋርም ብንወጣ ወዴት እንደምንሄድ ግን የሚያውቅ የለም። ጋሽ ዴታሞ ከዚህ ቀደም ሁለት ሱቅ ጥለው ወጥተዋል። አንዱን በዘረፋ፣ ሌላውን በእሳት። ሦስተኛውን በስብሰባ መልቀቅ አልፈልግም አልኳቸው። መኪናውን አላስመጡም።

ቅዳሜ ጠዋት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ሜዳ ወንበሮች ተራርቀው ተደርድረው ነበር። በር ላይ አንዲት ልጅ እጃችን ላይ ሳኒታይዘር ረጨችልን፤ ለሚባረርም ሰው ይረጫል። ሰብሳቢው ያ ሸሚዙ የተተኮሰው ሰው ነው። በድምፅ ማጉያ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ መብራት፣ ቀጥሎ ስለ እኛ ተናገረ። የሰፈሩ ሱቅ በሰፈሩ ልጆች እጅ መሆን እንዳለበት፣ የውጭ ሰው ሱቅ ሳይመሽ ተዘግቶ ቁልፉ ለሰፈሩ ኮሚቴ እንዲሰጥ ሐሳብ መቅረቡን አስረዳ። ከዚያ ወደ ጋሽ ዴታሞ ዞረ።

"ባለሱቁ የሚናገረው ነገር አለ?"

ጋሽ ዴታሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከወንበራቸው ትንሽ ብድግ አሉ። "ኖ፣ ኖ። ታንክ ዩ" አሉና አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

አገር ቤት ያላችሁ ምን እንዳደረጉ ገብቷችኋል። ሽማግሌ ገና ሲጠየቅ ዘሎ አይናገርም። አንዴ 'ይቅርብኝ' ይላል፤ 'ግድ የለም፣ ይናገሩ' ይባላል፤ ሁለተኛ ይግደረደራል፤ ሦስተኛ ሲለመን ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል። ምግብም ሲቀርብ እንዲሁ ነው። ዳቬይተን ውስጥ ግን 'ኖ' ማለት 'ኖ' ነው።

"የሚናገሩት የላቸውም" አለ ሰብሳቢው። "ወደ ድምፅ አሰጣጥ እንሂድ።"

ከኋላችን የተቀመጡት ማ ኖምሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ሽማግሌው ምን እየሠራ ነው?"

"እስኪለመኑ እየጠበቁ ነው።"

"ማን ነው የሚለምነው?"

እጆች መነሳት ጀምረው ነበር። ተነሳሁ። ጋሽ ዴታሞ የጃኬቴን ጫፍ ያዙ።

"ተቀመጥ" አሉ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። "ገና ሁለት ጊዜ ይጠይቁኛል።"

"አይጠይቁም፣ ጋሽዬ።"

ሽማግሌ እያለ አፌን ስከፍት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። "ማክሰኞ ድራምድ አውት ትደረጋላችሁ ብለኸናል" አልኩ ለሰብሳቢው በእንግሊዝኛ። "ቃሉን አጣርቻለሁ። በከበሮ የሚወጣ ሰው ከከበሮው በፊት ክሱ ይነበብለታል። የእኛ ክስ ገና አልተነበበም። አንብቡት፣ ከዚያ ድምፅ ስጡ።"

"ይህ ጦር ሠራዊት አይደለም፣ ማይ ፍሬንድ።"

"ቃሉን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ስሜም ተመስገን ነው።"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አንድ ሽማግሌ በዙሉ አንድ ነገር ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ማ ኖምሳ በኋላ እንደተረጎሙልኝ "ልክ ነው፣ ምን ሠሩ?" ማለታቸው ነው።

ከዚያ ክሱ መጣ፣ ከየአቅጣጫው። ኮሮና አምጥታችኋል አለ አንዱ። እንደገና ከከፈትን ጀምሮ ማስክ ሳናደርግ የሸጥንበትን ቀን ጠየቅኩት፤ አላስታወሰም። ሱቁ ውስጥ ትተኛላችሁ አለች አንዲት ወጣት። እውነት ነው፣ እንተኛለን አልኩ፤ ካልተኛን ጠዋት ሱቅ አይኖርም። አንዲት እናት የገዛሁት አማሲ አብጦ ነበር አሉ። አማሲ እርጎ ነው፤ አያያዙን ካልተጠነቀቁለት እንደኛው እርጎ ይቆጣል። መቼ እንደገዙ ጠየቅኳቸው፤ መብራት የጠፋበት ሳምንት ነበር። "ጥፋቱ የእኛ ነው፣ መብራት ሲጠፋ መሸጥ አልነበረብንም" አልኳቸው። አንድ ወጣት ደግሞ ተነስቶ፣ "አባቴ ስፓዛ ነበረው። እናንተ ስትመጡ ዘጋ" አለ። እሱን ምንም ማስረጃ አቅርቤ ልመልስለት አልቻልኩም። "ሰምቼሃለሁ" አልኩት። እሱም ተቀመጠ።

"ጊዜው ያለፈበት ምግብ ይሸጣሉ" አለ ሰብሳቢው። "ዋናው ይህ ነው።"

"እንግዲያው አሁን ኑ። ፍርግርጉን እከፍታለሁ። የፈለጋችሁትን አንሱና አንብቡ።"

ጋሽ ዴታሞ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

ሰብሳቢውን ጨምሮ የተወሰኑት መጡ፤ የቀረው ሰው ከደጅ ቆመ። ፍርግርጉን ከፈትኩ። ደንበኛ ወደዚያ ውስጥ ሲገባ አይቼ አላውቅም ነበር። ፍራሻችንን፣ ምድጃችንን፣ ከመደርደሪያው ጀርባ የተሰቀለውን ሱሪዬን አዩ። ጣሳ እያነሱ ጀርባውን አነበቡ። ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ ጊዜው ያለፈበት የዱቄት ወተት ተገኘ። ሰብሳቢው ወደ ደጅ አውጥቶ ለሰዉ ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ይኸው።"

ከእጁ ተቀብዬ ቀኑን ጮክ ብዬ አነበብኩ። "እውነት ነው" አልኩ፤ ሁሉም እያየ ከፍቼ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋሁት። "ሌላ ፈልጉ።"

ፈለጉ። ሌላ አላገኙም። እኚያ አማሲ የገዙት እናት የቀሩትን እርጎዎች አንድ በአንድ ጨብጠው አዩና ወደ ማቀዝቀዣው መለሷቸው።

ሰብሳቢው ማስኩን አስተካከለ። "ኮሚቴው ተመካክሮ ውሳኔውን ያሳውቃችኋል። እስከዚያ ዝጉ።"

"ማዘጋጃ ቤት ዝጉ ካለ እንዘጋለን" አልኩ። "ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ነው፤ አሁን አንብበኸዋል። ኮሚቴው ዝጉ ስላለ አንዘጋም።"

"ይህን የምትለው ቀን ስለሆነ ነው።"

"ስትመጣም በቀን ና። ማታ የሚመጣውን ማንነቱን መጻፍ ያስቸግረኛል።"

ቀና ብሎ አየኝ። ማ ኖምሳ በመካከላችን ገቡ። "ጋራዡ የእኔ ነው" አሉት በእንግሊዝኛ፣ ለተማሪ በሚናገሩበት ድምፅ። "እዚህ በር ላይ ማን ቆሞ እንደሚያስፈራራ እኔም ማየት እችላለሁ። አስተምሬሃለሁ፤ ስምህን ሙሉውን አውቀዋለሁ።"

ሄዱ። ደጅ የቆመው ሰው ወዲያው አልተበተነም፤ ዝናብ እስኪመጣ ቆየ። ማ ኖምሳ ወደ እኔ ዞረው "ኪራዩ ግን በጊዜው ይከፈል" አሉ።

ራት ላይ ጋሽ ዴታሞ ፓፑን ለሁለት ከፍለው የኔን ድርሻ ገፉልኝ።

"እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር" አሉ።

"ምን ሊሉ ነበር?"

"ተወው። ሦስቴ አልተጠየቅኩም።" ትንሽ በሉ። "የኦሬንጅ ፋርሙ ሰውዬ መኪናውን ለሌላ ሰጥቶታል። ደውዬ ስጠው አልኩት።"

እሑድ ከቀትር በኋላ እናቴ ጋ ደወልኩ። እንሰቱ ተፍቆ እንደተቀበረ፣ ጎረቤታችን ልጁን እንደዳረ፣ እነሱም አገር ኮሮና አለ ተብሎ ሰርጉ ላይ የተጨባበጠ እንደሌለ፣ ሰው ግን እንደተሳሳመ ነገረችኝ። የቅዳሜውን ሰምታለች። ከዱራሜ ነው የሰማችው፤ ከዚህ እስከዚያ ወሬ ቪዛ አይጠይቅም።

"ሽማግሌ እያለ ተናገርክ አሉ።"

"ተናገርኩ።"

"ጥሩ አይደለም።" ከጀርባዋ ዶሮ ይጮኻል፣ አንድ ሰው በር ላይ ሆኖ በሀዲያኛ ሰላምታ ይሰጣል፣ እሷም ስልኩን ሳትዘጋ ትመልስለታለች፤ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደህንነት ሁሉ ጠይቃ እስክትጨርስ ጠበቅኩ። ያ ሰላምታ ሳያልቅ ቢቆይ ደስ ባለኝ።

"እና ቆዩ አሏችሁ?" አለችኝ ስትመለስ።

"አላሉም።"

"ሂዱ አሏችሁ?"

"እሱንም አላሉም።"

"ታዲያ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?"

"ሱቁ ክፍት ነው በይ።"

"ነው?"

"ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ ተከፈተ። የኮሚቴው ውሳኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አልደረሰንም።